የጥሎሽ መብራት

አወቀ ዝናሽን ሲያገባ ከቀሚሱና ከጫማው ጋር ሳይክል ጥሎሽ መስጠቱ መካነ ሰላምን ለአንድ ሰሞን አስቆታል። ሳይክሉ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ሙሽራው ሽቦውን በእጁ የጠመጠመውን ዲናሞ ከነመብራቱ ገጥሞ፣ ሽማግሌዎቹ ፊት ጎማውን አሽከርክሮ አብርቶ አሳየ። «አምፖል ጥሎሽ የሰጠው» የሚል ስም ወጣለት፤ እሱ ግን ስሙን እንደ ማዕረግ ተሸከመው። ሳይክል ጠጋኝ ነው። በዲናሞ ሥራ ደግሞ ከመካነ ሰላም እስከ አቀስታ የሚስተካከለኝ የለም ባይ ነው።

ዝናሽ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። ጠዋት ወደ ታችኛው ቀበሌ ትወርዳለች፣ አመሻሽ ላይ ከመናኸሪያው የሚነሳውን ዳገት ወጥታ ትመለሳለች። ቤታቸው አናቱ ላይ ስለሆነ አወቀ ከበራፉ ሳይነሳ መንገዱን ሁሉ ያያል። ክረምት ገብቶ ጉሙ ሲወርድ ሰው አይለይም፤ የእሷ መብራት ግን ይለያል። ዲናሞ የሚበላው የእግርን ጉልበት ነውና ዳገቱ ሲከብዳት ቢጫው ብርሃን ይደበዝዛል፣ ለጥ ያለው ቦታ ላይ ይፈካል፣ ባሕር ዛፎቹ ጋ ስትደርስ ሊጠፋ ምንም አይቀረው። ይህን ጊዜ አወቀ ለእግሯ ውሃ ጥዶ የግቢውን በር ይከፍታል። ሌላ የፍቅር ቃል አያውቅበትም።

እንዲህ እያሉ ሲኖሩ ሚሊዮን ከጅዳ ተመለሰ። ሚሊዮን ድሮ አወቀ ዘንድ ጎማ መለጠፍ የተማረ ልጅ ነው። ከአወቀ ቀድሞ ለዝናሽ አባት ሽማግሌ ልኮ የተመለሰበትም እሱ ነው። አሁን መናኸሪያው አጠገብ ሱቅ ከፈተ፣ ጣሪያው ላይ ሶላር ዘረጋ፣ የኤልኢዲ የሳይክል መብራት በካርቶን አመጣ። መብራቷ ከአውራ ጣት አትበልጥም፤ ዲናሞ አትፈልግም፣ ቻርጅ ከተደረገች ብርሃኗ እንደ ወተት ነጭ ነው። ደግሞ ይህ ገና ምኑ ተነክቶ እያለ ያወራል፤ ወደፊት የሚመጡት ጨለማን ራሳቸው አውቀው የሚበሩ፣ ፍሬን ሲያዝ የሚፈኩ፣ ከፊት መኪና ሲመጣ ራሳቸውን ዝቅ የሚያደርጉ ናቸው አለ። አወቀ ይህ ሲነገረው፣ ሚስትም ይመርጡለት እንደሆነ ጠይቁልኝ ብሎ አፌዘ።

ፌዙ ብዙ አልቆየም። ዲናሞ ሳይክሉ ሲቆም ይጠፋል። ዝናሽ አንድ ቀን ጉም ውስጥ ዳር ይዛ ብትቆም የጭነት መኪና ለጥቂት ሳታት። ለአወቀ ነገረችው፤ እሱ የኔ መብራት ምን ጎደለውና ብሎ ነገሩን አድበሰበሰው። በሳምንቱ ነጩን መብራት ገጥማ መጣች። ከሚሊዮን እንደገዛችው አልደበቀችም፤ ዲናሞውንም አልነቀለችው፣ ከጎማው ብቻ አላቀቀችው። አወቀ ግን ቀና። ሌላ ስም የለውም።

የባሰው የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። ሳይክል ያለው ሁሉ ያንኑ መብራት ስለገዛ ዳገቱን የሚወጣው ሁሉ አንድ መሰለ። አወቀ አንድ አመሻሽ ነጭ ብርሃን አይቶ፣ ውሃውን አዘጋጅቶ፣ በሩን ወለል አድርጎ ቢጠብቅ የገባው መምህር ታደለ ሆነ። መምህሩ ለቀናት ሲያስቅበት ከረመ።

በዚያው ሰሞን አወቀ አንዲት መብራት መናኸሪያው ጋ ደርሳ ስትቆም ማየት ጀመረ። አዲሱ መብራት ሲቆምም አይጠፋ! ሚሊዮን ሱቅ በር ላይ ቆማ ታበራለች፣ ቆይታ ትነሳለች፣ ዳገቱን ወጥታ ዝናሽ ሆና ትገባለች። ሲጠይቃት ቻርጅ ላስደርግ ነው አለችው። የከተማው መብራት በየቀኑ ስለሚጠፋ እውነት ሊሆን ይችላል፤ እሱ ግን አላመነም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ። ከተማው የሚያውቀው፣ እሱ ብቻ ያልሰማው ነገር ያለ መሰለው።

ቅናት ያላስተማረው ጥበብ የለም። እሑድ ዝናሽ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ የሚሊዮንን መብራት ፈታ፣ ባትሪዋን አወጣ፣ ዲናሞውን መልሶ ጎማው ላይ አስደግፎ ሽቦዋን በቀጥታ ከእሱ ጋር አገናኘ። መብራቷ የእሱን ዲናሞ ከጠባች ሚሊዮን በር ላይ ምን ያቆማታል? ጎማውን በእጁ አሽከረከረው፤ በራች። ስትመለስ፣ ከእንግዲህ ቻርጅ የሚባል ነገር የለም አላት። እሷ ሳይክሉን ዞር ዞር ብላ አየችና፣

«ታዲያ አሁን ዳገት ላይ ይደበዝዛል?» አለችው።

ማሽሟጠጥ መሰለውና ፊቱን አዞረባት።

በእጅ የተሽከረከረ ጎማና ከአናቱ ቁልቁል የተለቀቀ ጎማ አንድ እንዳልሆኑ ማንም ሳይክል ጠጋኝ ያውቃል። የድሮው አምፖል ያንን ፍጥነት ችሎ ኖሯል፤ ይህቺ አልቻለችም። ሰኞ ጠዋት ጉሙ ውስጥ ዝናሽ ስትወርድ መብራቷ ቦግ አለችና ድርግም አለች። መንገዱ ጠፋባት፣ ቦይ ውስጥ ወደቀች። ማታ አወቀ በራፉ ላይ ቆሞ ሲጠብቅ ነጭም ቢጫም አላየም። ድንገት ከጉሙ ወጥታ አፍንጫው ሥር ቆመች፤ ሳይክሏን እየገፋች፣ መዳፏ በፋሻ ተጠቅልሎ።

«ተቃጠለ» አለች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው። ፋሻውን ፈትቶ እጇን አጠበላት፣ እንቅልፍ ግን አልወሰደውም።

በማግስቱ የተቃጠለችውን መብራት ይዞ ወደ ሚሊዮን ወረደ። ይቅርታ ሊጠይቅ ይሁን ሊጣላ፣ መንገዱን ሙሉ አልወሰነም። ሚሊዮን ከፍቶ አያትና ነገሩ ገባው፤ ሙያ ያስተማረውን ሰው ግን አላሳፈረም። ከመሳቢያው ትንሽ ዕቃ አወጣ፣ ይህ በዲናሞውና በመብራቱ መሃል ሲገባ የበዛውን ኃይል እንደሚገድብ አስረዳው፣ ከአዲስ መብራት ጋር ሰጠው። አወቀ ተቀበለ፤ አልሄደም።

«ዝናሽ እዚህ የምትቆመው ለምንድን ነው?» አለ በመጨረሻ።

ሚሊዮን መሳቢያውን ዘጋ።

«ወላሂ ጋሼ፣ አንድ ነገር ነው የምትጠይቀኝ። ይሄ መብራት ዳገት ላይ እንዲደበዝዝ አርግልኝ ትለኛለች። ባሌ የሚያውቀኝ በሱ ነው፣ አሁን ለሰው ሁሉ በር እየከፈተ ይስቁበታል አለችኝ። አይሆንም ብላት አትሰማም፤ ነገም መጥታ ትጠይቃለች። እኔ እንዳይደበዝዝ ነው የምሸጠው። እንዲደበዝዝ የሚለምን ሰው ገና ማየቴ ነው።»

ይህን ሲናገር አወቀን አላየውም፤ ዓይኑ ዳገቱ ላይ ነበር። እሑድ ዝናሽ የጠየቀችው ጥያቄ ለአወቀ አሁን ገባው፤ እሱ ፊቱን ሲያዞርባት እሷ ደስ ብሏት ነበር።

አወቀ አዲሱን መብራትና ትንሿን ዕቃ ከዲናሞው ጋር ገጠመላት። ዝናሽ እጇ ድኖ ሥራ በጀመረች ቀን ጉሙ ሳስቶ ነበር። አመሻሽ ላይ አንዲት ነጭ መብራት መናኸሪያውን አለፈች፤ አልቆመችም። ዳገቱን ስትጀምር ደበዘዘች፣ ለጥ ያለው ላይ ፈካች፣ ባሕር ዛፎቹ ጋ ልትጠፋ ደረሰች። ከታች፣ ከሚሊዮን ሱቅ መብራት ፊት፣ አንድ ሰው ቆሞ ሽቅብ ያያታል። አወቀ ፊቱን መለየት አልቻለም፤ አቋቋሙን ግን አወቀው፤ ክረምቱን ሙሉ እሱ ራሱ እንደዚያ ቆሞ ነበር። አዘነለት። ከዚያ ውሃውን ጣደና በሩን ሊከፍት ሄደ።