ሁሉም አለበት

ሰዉ የልጅቷን አባት «ማውጫው» ይለዋል። ፊት ለፊት መምህር ነው፤ ዞር ሲል ግን ማውጫው። ስሙ የወጣለት እሁድ እሁድ ጉባኤው ሲበተን በር ላይ በሚደረግ አንድ ጨዋታ ነው። ሰዎች ይከቡታል፣ አንዱ ግማሽ ጥቅስ ይወረውርለታል፣ እሱ መጽሐፍ ቅዱሱን ሳይገልጥ ቀሪውን ይሞላና ምዕራፉን ከነቁጥሩ ይነግረዋል። ሊያሳስቱት የሚመጡም አይጠፉም ነበር። ፊታቸውን ኮስተር አድርገው ከራሳቸው የፈጠሩትን ሲጠይቁት፣ «ይሄ የአክስትህ ምክር ነው፤ መጽሐፉ ውስጥ አልደረሰችም» ይላል፣ ሰዉም በሳቅ ይፈርሳል። ኮራ ማለት ይወድ ነበር፣ ምን ይደበቃል። ሌላ የሚኮራበት ነገር አልነበረውም።

መጀመሪያ የደከመው ዓይኑ ነው። ሰፊው ገጽ አመድ የተነፋበት መሰለው፣ ፊደሉ ከፊደሉ ተቀላቀለበት። ይሁን፣ በቃሉ የያዘው ይበቃዋል ብሎ ተጽናና። ከዚያ አንድ እሁድ አንዲት ሴት ጥቅስ ጀመረችለት፣ እሱም ተቀበላትና መሃል ላይ ቆመ። አንድ ጊዜ ነው፤ ማንም ሰው ይረሳል። እሱ ግን የገዛ አባቱ በመጨረሻው ዘመን ልጆቹን «እናንተ የማን ናችሁ?» እያለ ሲጠይቅ ያየ ሰው ነው። ያን ቀን ቤት ሲገባ ፊቱ ደም አልነበረውም።

ልጅቷ በጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ነው የምትሠራው። የሠርግ ጥሪ፣ የሙት ዓመት ካርድ፣ ማመልከቻ፣ የመጣላትን ሁሉ ትጽፋለች፣ ታሳምራለች። ለአባቷ የመጽሐፍ ቅዱስ ማጥኛ ፕሮግራም ልጫንለት ብላ ስታጠያይቅ ሁለት ነገር ቀረበላት። አንደኛው ሁሉን አዝሎ የመጣ ነው፦ ጥንታዊ ቋንቋዎች፣ ካርታ፣ ትርጓሜ፣ በየማዕዘኑ የሚከፈት መስኮት፤ አባቷ እዚያ ውስጥ ቢገባ ወጥቶ አይመለስም። ሁለተኛው ቀለል ያለ ነው። ፊደሉ እስኪበቃ ድረስ ይተልቃል፣ ከላይ ደግሞ አንድ የመፈለጊያ ሳጥን ብቻ አለው። የዓይኑን ነገር አሰበችና ሁለተኛውን መረጠች። በዚህስ ማንም አይፈርድባትም።

ስትጭነው ፕሮግራሙ የትኞቹን ትርጉሞች እንደምትፈልግ ጠየቃት። አራት ነበሩ። ላፕቶፑ ከመሥሪያ ቤቷ የተጣለ አሮጌ ነው፣ ሆዱ ሞልቷል። እሷ ደግሞ የሥራ ጠባይ አለባት፤ ደንበኛ አንድን ጽሑፍ አራት ጊዜ ገልብጦ በፍላሽ ሲያመጣላት አዲሱን ታስቀርና ሌላውን ትጠርጋለች። አንድ መጽሐፍ አራት ጊዜ ምን ይሠራል? አዲሱን አስቀረች፣ ሌሎቹን ተወቻቸው።

ጠረጴዛ ሥር ገብታ ገመዱን ስትሰካ አባቷ ከላይ ጠየቃት።

«የድሮውም ትርጉም አለበት?»

«ሁሉም አለበት አባዬ።»

«አይሳሳትም?»

«ማሽን ምን ያሳስተዋል? ያለውን አለ ይላል፣ የሌለውን የለም ይላል።»

ይህን ያለችው ጭንቅላቷን ሳታወጣ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቤቱ ደስ አለው። እናቷ፣ «ሽማግሌ ሳይልክ ሁለተኛ ሚስት አገባብኝ» እያለች ትቀልድ ነበር። እሱ በአንድ ጣቱ ፊደል እየለቀመ ይጽፋል፣ ይጠብቃል፣ ያነባል። ከዚያ ዝምታ መጣ። ልጅቷ ጠዋት ወጥታ ማታ ስለምትገባ ብዙውን አላየችም። እናቷ ደግሞ ማንበብ አትችልም፤ ያየችው ጀርባውን ብቻ ነው። «ምን እንደሚለው እንጃ፣ ከፊቱ ሲነሳ ሐዘን ቤት ውሎ የመጣ ይመስላል» አለቻት።

የሚለውማ አንድ ነገር ነበር። ሰውዬው ከልጅነቱ ከድሮው ትርጉም በያዘው ቃል ይጽፋል፣ ማሽኑ «አልተገኘም» ይለዋል። አስተካክሎ ይጽፋል፤ «አልተገኘም»። የድሮውና የአዲሱ ትርጉም በሚገጥሙበት ቦታ ደግሞ ይገኝለታል፣ ይህም የባሰ ጎዳው፤ መፈለጉን ያውቅበታል ማለት ነውና ጥፋቱ የእኔ ነው አለ። የድሮው ትርጉም ይሆን እንዳይል፣ ሁሉም አለበት ተብሏል፤ ያለችውም ልጁ ናት። ስለዚህ ዕድሜውን ሙሉ አጣምሞ የያዘ መሰለው። ለማን ይንገር? ማውጫው የተባለ ሰው ገጹ ጠፋኝ ብሎ ለማን ይናገራል?

አንድ ማታ ልጅቷ ሻይ ልትሰጠው ስትጎነበስ የላፕቶፑ ማያ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር አየች፣ ከሥሩም «አልተገኘም» የሚል። «ፊደል ገድፈህ ይሆናል» ብላው አለፈች።

ብዙም ሳይቆይ ማስተማሩን ተወ። የጉባኤው ሽማግሌ ቤት ድረስ መጥተው ለመኑት። «በሰው ፊት የሌለ ነገር ከማወራ ዝም ብል ይሻላል» አላቸው። ቦታው ለሌላ ተሰጠ። እሁድ ጉባኤው ሳያልቅ በጎን በር እየወጣ ይሄዳል አሉ። ልጅቷ የአያቷ በሽታ መጣ ብላ ደነገጠች፣ ሐኪም ዘንድ ወሰደችው። ሐኪሙ ጠያይቆ ጤነኛ ነህ አለው። አባቷ ግን ሲወጡ፣ «የጠየቀኝ ቀኑንና ወሩን ነው፤ እሱንማ ማን ያጣዋል?» አላት።

ከዚያ በኋላ ነው አንድ ደንበኛ የሟች እናቱን መጽሐፍ ቅዱስ ይዞ የመጣው። ለመታሰቢያ ካርድ የሚሆን ጥቅስ ከውስጡ አሳያት። ጠርዙ የተበላ፣ የድሮ ነው። መጻፍ ጀመረች፣ መሃል ላይ እጇ ቆመ። ቃል በቃል ያን ማታ ማያው ላይ ያየችው ነው። ምዕራፉን በስልኳ ከአዲሱ ትርጉም ፈለገችው፤ ሐሳቡ አለ፣ ቃሉ ሌላ ነው። ጠረጴዛ ሥር ሆና ያለችው ነገር በጆሮዋ መጣ። ደንበኛውን ይቅርታ ጠየቀችና ሥራውን ለባልደረባዋ ጥላ ወጣች።

ቤት ደርሳ የድሮውን ትርጉም ጫነች። ያንን ጥቅስ ጻፈች፣ ተገኘ። ከአባቷ አፍ ስትሰማ ያደገችውን ሌላ ጻፈች፣ ተገኘ። አባቷን እጁን ይዛ አስቀመጠችውና ፊደሉን አተለቀችለት።

«አየህ አባዬ? አለ። አንተ ልክ ነበርክ።»

ረጅም ጊዜ ተመለከተው። «መቼ ነው ያስገባሽው?»

«አሁን። ያኔ አልነበረበትም። ሳላይ ነው ሁሉም አለበት ያልኩህ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«አንቺ ሳታዪ አትናገሪም» አላት።

ይህ ከስድብ በላይ አመማት። ብድግ ብላ የራሱን አሮጌ መጽሐፍ ከመደርደሪያው አወረደችና ታነብለት ጀመር። ከንፈሩ አብሯት ተንቀሳቀሰ፣ ከዚያ ቀደማት። ዝም አለች። እሱ ብቻውን እስከ መጨረሻው ዘለቀው፣ አንዲት ቃል ሳይስት።

«ሰማህ? ሙሉውን እኮ አልከው።»

«ከአፍሽ ተቀብዬ ነው። ጀመርሽልኝ፣ ተከተልኩሽ።»

«መጽሐፉ ላይ ያለው ነው፤ ያንተው መጽሐፍ።»

«አላየውም እኮ ልጄ» አላት። እውነቱን ነው፣ ያ ገጽ ለእሱ አመድ ነው። እናቷን ዞራ አየቻት፤ እናቷ መጽሐፉን አየችና አንገቷን ደፋች።

በማግስቱ ሽማግሌውን ይዛ መጣች። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡለት፣ ማሉለት። በትህትና አዳመጣቸው፣ በር ድረስ ሸኛቸው፣ ስለ ድካማቸው አመሰገናቸው። ልጅቷ ለምናቸው እንዳመጣቻቸው አልተጠራጠረም።

ሲመለስ አጠገቧ ተቀመጠና ራሷን ዳበሳት፣ በልጅነቷ ስታለቅስ እንደሚያደርገው። አልተቆጣም። ቢቆጣ ደስ ባላት።

«ለሠርጉም ለሐዘኑም አሳምረሽ ትጽፊያለሽ» አላት። «ለእኔም ጻፍሽልኝ። እግዜር ይስጥልኝ።»

«አባዬ፣ እኔ አልጻፍኩትም።»

«አሁን አንድ ነገር ብቻ አድርጊልኝ» አለ ላፕቶፑን ወደ እሷ እየገፋ። «እንደነበረ መልሺልኝ። ያላዘነልኝ እሱ ብቻ ነበር።»