ከአንጓዬ ያልደረሰው እጅጌ

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። እኔ ተመንጥሬ አላውቅም፤ ለዚህ ነው ሰው ሁሉ «ይቺ ተጠራጣሪ» የሚለኝ። ይበል። ዳቦ ስገዛ አገላብጬ አያለሁ፣ ሰው ሲስቅልኝ ምን ፈልጎ ነው እላለሁ፣ በር ቆልፌ ከወጣሁ በኋላ ተመልሼ እጀታውን እነቀንቃለሁ። እናታችን ካረፈች ጀምሮ ወንድሜን ያሳደግኩት በዚሁ ጠባዬ ነው፤ ይኸው አንድም ቀን ጠፍቶብኝ አያውቅም።

የምሠራው ሹራብ ቤት ነው። መኪናዎቹ ፊቱን፣ ጀርባውንና እጅጌውን ለየብቻ ሠርተው ይጥሉልናል፤ እኔ እጅጌውን ከትከሻው ጋር እገጥማለሁ። ከእኔ በኋላ ካውያ የምትይዘው ሴትዮ ትተኩሰዋለች። በዕድሜ እናቴ ብትሆንም እትዬ ነው የምላት፤ እናቴ ካልኳት ትቆጣለች።

በዚያ ሰሞን የገባው ሥራ የወንድሜ ትምህርት ቤት የስንብት ሹራብ ነበር። አንደኛ ደረጃን የሚጨርሱ ልጆች የሚለብሱት፣ ደረቱ ላይ «ተሰናባች» የሚል ጥልፍ ያለው ሰማያዊ ሹራብ። እንዴት ደስ እንዳለኝ አትጠይቁኝ። እኔ ከአምስተኛ ክፍል ነው የወጣሁት፤ እናታችን ስትተኛ እሷን የሚያስታምም፣ እሱንም የሚያዝል ሌላ ሰው አልነበረም። በቤታችን አንደኛ ደረጃን የጨረሰ ሰው የለም። እሱ የመጀመሪያው ሊሆን ነው፣ ሹራቡን የምገጥመውም እኔው ነኝ። የእሱን ለይቼ ስፌቱን ልደርብለት አሰብኩ።

መለየቱ ቀላል ነበር። ወንድሜ በልጅነቱ ታሞ የሁለት ዓመት ትምህርት ስላመለጠው ከክፍሉ ልጆች በዕድሜም በቁመትም ይበልጣል። ክንዱ ከእኔ ክንድ እኩል ነው፤ ልብስ ስገዛለት እሱን አላስከትልም፣ በራሴ ክንድ ለክቼ ነው የማመጣለት። እናም እያንዳንዱን እጅጌ ከመግጠሜ በፊት ክንዴ ላይ እዘረጋዋለሁ፤ የእጄ አንጓ ላይ የደረሰው የእሱ ነው ማለት ነው።

አንዱም አልደረሰም። ክምሩ አለቀ፣ የመጨረሻውን ገጠምኩ፣ እሱም ከአንጓዬ በላይ ቀረ። የሹራብ ቤቱን ባለቤት፣ ጋሼን፣ ነገሩን ሳላስነቃ የዚያ ትምህርት ቤት ሥራ ይቀረዋል ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። ምንም አይቀረውም፣ ነገ መጥተው ይወስዱታል አሉኝ።

እስቲ እናንተም አስቡት። ፈተናው ገና ነው። ልጆቹ ገና እርሳሳቸውን አልቀረጹም። ለሁሉም ሹራብ ታዟል፣ ለእኔ ወንድም አልታዘዘም። ይህ ምን ማለት ነው? እነዚህ ሰዎች ማን እንደሚያልፍና ማን እንደሚወድቅ ከወዲሁ ወስነዋል ማለት ነው። ከዚህ ሌላ ትርጉም ቢኖረው ያኔ አልታየኝም።

ያን ጊዜ የወላጆች ስብሰባ ትዝ አለኝ። ርዕሰ መምህሩ ተነስተው ስለ ሹራቡ ሕግ ተናግረው ነበር። አምና ልጆቹ ሹራቡን ቀደም ብለው ተረክበው፣ ዕለት ዕለት እየለበሱ፣ ከወዲሁ የጨረሱ መስሏቸው ደብተር መግለጥ አቁመው ነበር አሉ። ስለዚህ ዘንድሮ ሹራቡ ፈተና እስኪያልቅ በእሳቸው ቁም ሣጥን ይቆለፋል፤ ከዚያ በፊት ለብሶ የተገኘ ልጅ በስንብቱ ቀን ከክፍሉ ጋር አይሰለፍም። የክፍላቸው መምህርት ደግሞ ቀበል አድርጋ፣ ሳይጨርሱ የጨረሰ ሰው ልብስ መልበስ ነውር ነው አለችና ወደ እኔ አየች። ያኔ ከኋላዬ ያለውን ሰዓት የምታይ መስሎኝ ነበር። ሞኝ ነኝ፤ ለካ እኔን ነው ያየችው።

ማታ ወንድሜን ራት እያቀረብኩለት፣ የሹራቡን ልክ ሰጥተሃል ወይ አልኩት። ሰጥቻለሁ አለኝ። ማን ለካህ? ማንም፣ ራሴ ነገርኳቸው። ይህን ሁሉ የሚለኝ ሳህኑን እያየ ነው። እኔ ያሳደግኩትን ልጅ አላውቀውም እንዴ? ዓይኑን ካላነሳ አንድ ነገር ደብቋል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! እንደማያልፍ ነግረውታል፣ እሱ ደግሞ ልቤ እንዳይሰበር ይዞ ተቀምጧል ብዬ ደመደምኩ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ መንደሩ ሁሉ ሰምቶ የቀረሁት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

በማግስቱ ለእትዬ ነገርኳት። ካውያዋን አቁማ አዳመጠችኝና፣ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ፣ ሂጂና መምህርቷን ጠይቂያት አለችኝ። ሳቄ መጣ። ሌባን ሰርቀሃል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ማነው? አልሰረቅኩም ከማለት ሌላ ምን ይላል? ብጠይቃት አጣፍጣ ትሸኘኛለች፣ ልጁም ወድቆ ይቀራል። እሷን ሳታስበው ነው መያዝ ያለብኝ።

ሌሊት ተኝቼ ሳለ አንድ መላ መጣልኝ፣ ራሴንም አደነቅኩ። ለወንድሜ አንድ ሹራብ እሠራለታለሁ። ለብሶ ይሄዳል። መምህርቷ ስታየው «ቀኑ ሳይደርስ ለምን ለበስክ?» ካለችው፣ ከተሰናባቾቹ ጋር ቆጥራዋለች ማለት ነው፤ እፎይ እላለሁ። «ይህን ከየት አመጣህ? ያንተ አይደለም» ካለችው ግን፣ በገዛ አፏ ተያዘች። ሕጉስ? ሕጉማ ሹራብ ለታዘዘለት ልጅ ነው። ላልታዘዘለት ልጅ ምን ሊያስቀሩበት?

ጋሼ ስህተት ያለበትን ሥራ ሠራተኛ እንዲወስድ ይፈቅዳሉ። ጥልፉ ትንሽ የተዛነፈ አንድ ፊትና ጀርባ አገኘሁ፤ እጅጌውን በዚያው ክር ከተሠራ የአዋቂ ሹራብ ትራፊ ወሰድኩ። ክንዴ ላይ ስዘረጋው አንጓዬ ላይ ልክክ አለ። ስፌቱን ደረብኩለት። እትዬ ተቀብላኝ ያለ ወሬ ተኮሰችውና ስትመልስልኝ፣ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አለችኝ። ቀናችብኝ አልኩ በልቤ።

ወንድሜ ሹራቡን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ። ነገሩን ሳልዘረዝርለት፣ ከኮትህ ስር ልበሰው፣ መምህርትህ ስትመጣ ቁልፉን ፍታ፣ የምትልህን ቃል በቃል ይዘህልኝ ና አልኩት።

«እታለም፣ ከሰልፍ ያስወጡኛል» አለኝ። እታለም ነው የሚለኝ፣ አፉን ከፈታ ጀምሮ።

«አያስወጡህም። እኔ አውቃለሁ።»

«ተይው በሞቴ። የምፈልገው ያችን አንድ ቀን ነው፤ ከእነሱ ጋር ብቆም ይበቃኛል።»

በሞቴ ሲለኝ መስማት ነበረብኝ። እኔ ግን፣ እህትህ መሆኔን ትጠራጠራለህ ወይ አልኩት። ያንን ስለው ምንም እንደማይመልስልኝ ስለማውቅ ነው ያልኩት። ለበሰው።

ረፋዱ ላይ ጋሼ ስልካቸውን ይዘው መጡና ከትምህርት ቤት ይፈልጉሻል አሉኝ። ይኸው፣ አልኩ በልቤ፣ ተያዘች። መንገዱን የምናገረውን እያሰላሁ ጨረስኩት። ቢሮ ስገባ ርዕሰ መምህሩ ከጠረጴዛቸው ኋላ ተቀምጠዋል፣ መምህርቷ ከጎናቸው ቆማለች፣ ወንድሜ ግድግዳ ተጠግቶ አንገቱን ደፍቷል። የሠራሁት ሹራብ ጠረጴዛው ላይ ተጣጥፎ ተቀምጧል።

ገና ሰላም ሳልል፣ ለእሱ ለምን እንዳልታዘዘለት መጀመሪያ እናንተ ንገሩኝ አልኳቸው። መምህርቷ ግራ ገብቷት አየችኝ። ያልገባት ትመስላለች አልኩ በልቤ፣ ማስመሰል ትችልበታለች። እሷ ግን ከርዕሰ መምህሩ ቁልፍ ተቀብላ ቁም ሣጥኑን ከፈተችና ከክምሩ አንድ ሹራብ መዝዛ ሰጠችኝ።

«የእሱ ይኸውና» አለችኝ። «ልኩን የሰጠኝ ራሱ ነው።»

ገልጬ አየሁት። እጅጌው የተገጠመው በእኔው እጅ ነው፤ ስፌቴን እንደ ፊቴ አውቀዋለሁ። ሳላስበው ክንዴ ላይ ዘረጋሁት። ከአንጓዬ በላይ፣ ክርኔን ትንሽ አለፍ ብሎ ቀረ። ይህ ለእሱ አይሆንም አልኩ፣ ድምፄ ግን ቀድሞ እንደነበረው አልነበረም።

መምህርቷ እንደነገረችኝ፣ ልክ ሲሰበሰብ ክፍል ውስጥ የአዋቂ ልክ የሚፈልግ ካለ ለብቻው ይታዘዝለታል ብላ ጠይቃ ነበር። ማንም እጁን አላነሳም። በየወንበሩ ልክ እየጻፈች ስታልፍ ወንድሜ፣ ልኬ አጠገቤ ካለው ልጅ ጋር አንድ ነው ብሏት ነበር። ይህን ስትናገር እሷም ነገሩ ገና ያኔ የገባት ይመስለኛል፤ አፏን በእጇ ያዘች።

ወደ ወንድሜ ዞርኩ። ለምን አልኩት። ግድግዳውን እንደተጠጋ ተናገረ።

«የአዋቂ ሲባል ሁሉም ዞረው እኔን አዩ። አጎቴ ነው የሚሉኝ፣ እታለም። የአጎቴ ሹራብ ለብቻው ታዘዘ እንዲባል አልፈለግኩም። አንድ ቀን እንኳ እንደ እነሱ ልሁን ብዬ ነው።»

አጎቴ እንደሚሉት አላውቅም ነበር። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ለርዕሰ መምህሩ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እሱ አልለብስም ብሎኛል፣ አስገድጄው ነው አልኳቸው። እግራቸው ላይ ልወድቅ ምን ቀረኝ። ሰውየው ክፉ አይደሉም፤ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ሲያሹ አየኋቸው። ፈተናውን ይፈተናል አሉኝ፣ በዚያ አትስጊ። ሰልፉ ግን አይሆንም።

«ዛሬ ለእሱ ብዬ ሕጉን ባፈርስ» አሉኝ፣ «ነገ እህቴ ናት ያስለበሰችኝ የማይል ልጅ አላገኝም።»

ወደ ቤት ስንመለስ አንድ እርምጃ ቀድሞኝ ነበር የሚሄደው። ብትነግረኝ ኖሮ አልኩት ከኋላው። ዞሮም አላየኝ።

«አንቺ ሰው አትጠይቂም እኮ፣ እታለም። ትመረምሪያለሽ።»



ፈተናውን አለፈ። በጥሩ ውጤት ነው ያለፈው፤ ይህን መምህርቷ ራሷ ቤታችን ድረስ መጥታ ነገረችን። ለምን መጣች ብዬ ተጠራጥሬ ነበር፤ ለካ ደስ ብሏት ነው የመጣችው። ሰው ለዚህም ይመጣል።

በስንብቱ ቀን ወንድሜ የትምህርት ቤቱን ኮት ለብሶ ከእኔ ጋር ሄደ። ይቅርብን ብዬው ነበር፤ አይ፣ ላያቸው እፈልጋለሁ አለኝ። ልጆቹ በሰማያዊ ሹራባቸው ሜዳው መሀል ተሰልፈዋል። እኛ ከገመዱ ወዲህ፣ ከወላጆች ጋር ቆምን። ወንድሜ በቁመት ከአባቶቹ እኩል ነው፣ ከአንዳንዶቹም ይበልጣል። ከጎኑ ቆማ የነበረች አንዲት ሴትዮ፣ የማንኛው ልጅ ዘመድ ነህ ብላ ጠየቀችው። እኔ ልመልስላት አፌን ስከፍት እሱ ቀደመኝ። የሁሉም ነኝ አላት። ከሰልፉ መሀል አንድ ልጅ አየውና «አጎቴ!» ብሎ ጮኸ፣ ሌሎቹም ተቀበሉት። እሱ እጁን አንስቶ ሰላም አላቸው። በዚያች አንድ ቀን አጎት ላለመምሰል እጅጌው ያጠረ ሹራብ የመረጠውን ልጅ፣ ወስጄ ከአጎቶች ረድፍ ያቆምኩት እኔ ነኝ። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ፤ ሰዉ የደስታ መስሎት እንኳን ደስ ያለሽ አለኝ።

ሲያበቃ መምህርቷ ሁለቱንም ሹራቦች አምጥታ ሰጠችው። ቤት ገብቶ ትንሹን ለበሰው። እጅጌው ክርኑን አለፍ ብሎ ቀረ። ከትልቁ ላይ እጅጌውን ፈትቼ ለዚህ ልግጠምልህ፣ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው አልኩት። አይ፣ ይህ እንዳለ ይቀመጥልኝ አለ። ከዚያ ትልቁን አንስቶ ጭኔ ላይ አኖረው።

«ይህ በአንቺ ክንድ ነው የተለካው። አንቺ ልበሺው።»

«አብደሃል እንዴ?» አልኩት። «ሳይጨርሱ መልበስ ክልክል ነው።»

ዓይኑን አነሳ። ከዚያ ሁሉ ቀን በኋላ ዓይን ለዓይን ሲያየኝ ያኔ የመጀመሪያው ነው።

«እንግዲያ ጨርሺዋ» አለኝ።

መምህርቷ ቤታችን የመጣች ቀን፣ እግረ መንገዷን ስለ ማታ ትምህርት አንስታ ነበር። ከአምስተኛ ያቋረጠ ሁሉ መመዝገብ ይችላል ስትል ወደ እኔ አይታለች፣ ይህን እምላለሁ። በማግስቱ እትዬም ካውያዋን ሳታቆም፣ ማታ ማታ ምን ሥራ አለብሽ ብላ ጠየቀችኝ። ሦስቱ ተማክረውብኛል። ማስረጃ የለኝም፣ ግን ተማክረውብኛል።

ሹራቡን አጥፌ ከሣጥኑ ሥር ከትቼዋለሁ። አልለበስኩትም፤ ሕግ ሕግ ነው። ወንድሜ ሲወጣ ግን በሩን ቆልፌ፣ እጀታውን ነቅንቄ፣ አወጣውና አንዱን እጅጌ ክንዴ ላይ እዘረጋዋለሁ። አንጓዬ ላይ ይደርሳል።