የግራ እጅ ቋጠሮ

የልብስ አጣቢዋ ባል የሰው ዕቃ ጭነት መኪና ላይ ሲያስር የኖረ ግራኝ ነው። ወደብ ላይ ሥራ አገኘሁ ብሎ የሄደ ዕለት፣ ሻንጣውን ደጃፍ አስቀምጦ ወደ ጓሮ ተመለሰና የልብስ ማስጫውን ገመድ ግድግዳው ላይ ካለው የብረት ቀለበት ጋር አሰረላት። በቀለበቱ ሁለቴ አዞረና ጫፉን በገመዱ ላይ አሻግሮ፣ በሥሩ አሾልኮ ሳበው፤ ደግሞ እንደዚያው። ሌላ ሰው ቢያስረው ጫፉ ወደ ቀኝ ይወጣል። የሱ ወደ ግራ ነው።

"እስክመጣ ያቆይሻል" አላት።

ገመድ ግን እርጥብ አንሶላ ተሸክሞ ሲከርም ይረግባል። የምታጥብለት የእንግዳ ማረፊያ አንሶላ መሬት እየነካ ያጠበችውን መልሶ ማጠብ ሆነ ሥራዋ። ፈቶ፣ ወጥሮ ማሰር ያንድ አፍታ ነገር ነበር። እሷ ግን እጇ እንቢ አላት። ሸሚዙ ታጥቧል፣ ብርጭቆው ተሰብሯል፤ እሱ እንደተወው ያለ ነገር ያ ቋጠሮ ብቻ ነው። ገመዱን ከመሃል በእንጨት ደገፈችው፤ ነፋስ ጣለው።

አማቷ በመስኮት ያያሉ።

"ለመሆኑ ያገባሽው ልጄን ነው ገመዱን?"

"ሁለቱንም ነው እማማ። ገመዱ ግን ቤቱ ያድራል።"

አሮጊቷ ሳቁ። ሳቃቸው ቶሎ አለቀ። "አልደወለም?"

"ኔትወርክ እምቢ ብሎት ይሆናል።"

"ይሆናል።"

አንድ ቀን ከሰዓት የታጠበውን አድርሳ ስትመለስ፣ ገመዱ እንደ ከበሮ ቆዳ ተወጥሯል፤ አንሶላዎቹ ከመሬት ክንድ ያህል ከፍ ብለዋል። ወደ ቀለበቱ ሮጠች። ጫፉ ወደ ግራ ወጥቷል።

ቅርጫቷን ጥላ ቤት ገባች፤ ዓይኗ ከበሩ ኋላ ጫማ፣ ካልጋው ሥር ሻንጣ ፈለገ። አማቷ ብቻቸውን ተቀምጠው ገመድ የላጠውን መዳፋቸውን ቅባት ይቀባሉ።

"መጣ?"

አማቷ ቀና አሉ። ምን እንዳደረጉ የገባቸው ያኔ ነው።

"እኔ ነኝ ልጄ። አንሶላው ጭቃ ላይ ሲጎተት አላስችል ብሎኝ።"

"ጫፉ ወደ ግራ ነው እኮ።"

"ታዲያ ከማን የተማረው መሰለሽ? እኔን በልጅነቴ እየመቱ ማንኪያውንም መርፌውንም ወደ ቀኝ እጄ አዛወሩብኝ። ቋጠሮዬን ግን ልብ ያለው የለም።"

ልትቆጣ ፈለገች፤ ያ የተላጠ መዳፍ ግን አላስቆጣ አላት። "ያሳዩኝ" አለች።

ወጥተው ፈቱት። በግራ እጇ ሞከረች። ጣቶቿ እንደ ሌላ ሰው ጣት ሆኑባት፤ ፈታችው፣ እንደገና ጀመረች። ሁለቴ አዙራ፣ አሻግራ፣ አሾልካ ስታበቃ የጓሮው በር ሲጢጥ አለ። ሁለቱም እኩል ዞሩ።

ነፋስ ነበር።

በሩን እያዩ ትንሽ ቆዩ።

"ሳቢው እንግዲህ" አሏት አማቷ፣ "ይላላብሻል።"