ያኮረፈችው መድኃኒተኛ

ሊፍት ጠጋኙ አንድ ወር የለፋበት ጌም የዘንዶው ደጃፍ ላይ ደርሶ ቀጥ አለ። የቡድኑ መድኃኒተኛ አኩርፋ ጓዟን እየሸከፈች ነው። ያለሷ ደግሞ ዘንዶው ጠጋኙ የሚጫወትበትን ሰይፈኛ፣ የቡድኑን መሪ፣ በአንድ ትንፋሽ ነው የሚጠብሰው።

በጌሙ ሕግ ጓዶች እሳት ዳር ተቀምጠው ያወራሉ፤ መሪው ባዳመጠ ቁጥር የወዳጅነት ነጥብ ይጨምራል። ጠጋኙ ግን በሥራው የለመደው ሌላ ነው። ሊፍት ውስጥ ሰው ወሬ ይጀምርለትና ፎቁ ሲደርስ ወርዶ ይሄዳል። ስለዚህ መድኃኒተኛዋ "ወንድሜ የጠፋ ቀን..." ባለች ቁጥር ቁልፍ ተጭኖ ያልፋታል። ነጥባቸው ከመቶ ሦስት ነው። አርባ እንጉዳይ ሰጣት፤ ተቀበለች፤ መሸከፏን ግን አልተወችም።

"ወንድሜን ምን ወሰደው?" አለችው በመጨረሻ። ምርጫ መጣ፦ ወንዝ፣ ጦርነት፣ ፍቅር።

ጠጋኙ ሽንኩርት ወደምትልጠው ሚስቱ ዞረ። "እቱ፣ ምን ይመስልሻል?"

"አውቀዋለሁ፤ ግን አልነግርህም።"

"ከየት አውቀሽ?"

"አንተ ሥራ ስትሄድ እኔ በራሴ በኩል እጫወታለሁ። ዘጠና ስምንት ነን ከሷ ጋር።"

"ዘጠና ስምንት! ስንት ጭራቅ ገደልሽ?"

"ምን በወጣኝ! እሳት ዳር ቁጭ ብለን እናወራለን።"

"ንገሪኛ! ዘንዶው ሊፈጀን ነው!"

"ይፍጃችሁ። ልጅቷ አፏን በከፈተች ቁጥር ስትዘጋባት አልነበር?"

"ፍቅር" ላይ ተጫነ። መድኃኒተኛዋ አርባውን እንጉዳይ መሬት ላይ ዘርግፋ ሄደች።

ጠጋኙ እጁን አጨብጭቦ ቀረ። "በይ እሺ፣ ባንቺ በኩል ውሰጂን።"

ሚስቱ እጇን ጠርጋ የራሷን ጌም ከፈተች። መሪ አድርጋ የሾመቻት መድኃኒተኛ እሳቱ ዳር ተንፈላሳለች። ጥግ ላይ አንድ ሰይፈኛ ተኮራምቷል።

"ያ ማነው?"

"አንተ ነሃ። አንድ ነጥብ ነው ያለህ፤ እሱም አብረኸን ስለመጣህ።"

"አናግሪዋ!"

ተጫነች። ሰይፈኛው ጉሮሮውን ጠርጎ ስለ አባቱ ጀመረ፤ አባቱ አንድም ቀን ጎበዝ ብሎት አያውቅም። ጠጋኙ ይህን ሁሉ ወር ይዞት ሲዞር አባት እንዳለው እንኳ አያውቅም ነበር። ጆይስቲኩን መሬት አስቀምጦ ወደ ስክሪኑ ተጠጋ።

ሰይፈኛው ወሬውን ጨረሰ። ሁለት ምርጫ መጣ፦ "አጽናኚው" እና "ወደ ጉዳያችን"።

"የቱን ልጫን?" አለች ሚስቱ።

"አጽናኚው" አለ ጠጋኙ፣ በቀጭን ድምፅ።

ሚስቱ ጣቷን "ወደ ጉዳያችን" ላይ አንዣብባ ብዙ አሰበች።