ቤት የጫነችው ፒክአፕ

ቶሌሳ በሕይወቱ አጥብቆ የተመኘው ነገር ቢኖር መኪና ውስጥ እግሩን ዘርግቶ መተኛት ነበር። ያስቃል፤ ግን በእሱ ቦታ ሆኖ ማየት ነው። አሥራ አራት ዓመት የእርዳታ ድርጅት ሾፌር ሆኖ ከጭሮ ገለምሶ፣ ከገለምሶ መቻራ ሲመላለስ ጋቢና ውስጥ ታጥፎ ያላደረበት መንደር የለም። ቁመቱ ደግሞ የማንም ቤት በር ጎንበስ ሳይል የማያስገባው ዓይነት ነው። አንድ ጊዜ አንድ ፈረንጅ የአፈር ባለሙያ ይዞ ወጣ። ፈረንጁ መኪናው ኋላ ላይ በተሠራ ክዳን ሥር ፍራሹን ዘርግቶ፣ መጋረጃውን ስቦ ሲያንኮራፋ፣ ቶሌሳ መሪ ታቅፎ አነጋ። ያን ዕለት አንድ ቀን እኔም ብሎ ለራሱ ቃል ገባ።

ድርጅቱ በ1998 ዓ.ም. ሲዘጋ አሮጌ መኪኖቹን በጨረታ ሸጠ፤ ቶሌሳም ለዓመታት የነዳትን ነጭ ላንድክሩዘር ፒክአፕ ወሰዳት። የጭሮ ሰው ጫት ሊጭንባት ነው ብሎ ጠረጠረ። ቶሌሳ እሑድ እሑድ ከጸሎት ቤት የማይቀር ሰው ስለሆነ ወሬው ሁለት ሳምንት ሙሉ ጣፈጠ። እውነቱ ሲታወቅ ደግሞ የባሰ ተሳቀበት። ብረት በያጁ አብዱልቃዲር እንኳ ጆሮውን ማመን አቃተው።

"አልጋ? ፒክአፕ ላይ? ቤት የለህም እንዴ አንተ?"

"አለኝ።"

"ፌኔት አባረረችህ?"

"ዝም ብለህ በይድ፣ አብዱልቃዲር።"

አብዱልቃዲር እየሳቀ በየደ። የጭነቱ ሳጥን ላይ ብረት አቁሞ ዙሪያውን በላሜራ ለበጠው፤ ግራና ቀኝ መስኮት አወጣለት። ቶሌሳ ውስጡን ራሱ በኮምፔርሳቶ ሠራው፤ መስኮቱን በወንፊት ጋረደ፤ ከአልጋው ሥር ለጀሪካንና ለቡታጋዝ ቦታ አበጀ። የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ክዳኑ እንደ ወንፊት አፈሰሰና ፍራሹ ራሰ። ያንን በጎማ ደፍነው ሲጨርሱ ቶሌሳ ለሙከራ ቢጋደም አልጋው አጠረው። አብዱልቃዲር መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ሳቀ። በመጨረሻ የኋላው መዝጊያ ወደ ውጭ ሲዘረጋ የአልጋው ቅጥያ እንዲሆን፣ ላዩንም ሸራ እንዲያለብሱት ተስማሙ። ቶሌሳ እንደገና ተጋደመ። እግሩ ተዘረጋ። ደስታው ልክ አልነበረውም።

ሚስቱ ፌኔት ግን ይህ ሁሉ ድካም ለፈረንጅ ወግ ብቻ እንዳልሆነ ታውቃለች። ቶሌሳን ያሳደጉት መቻራ አጠገብ ቡና የሚያለሙት አጎቱ ኦቦ ጂሬኛ ናቸው። አባቱ በልጅነቱ ሲሞት ወስደው፣ ከራሳቸው ልጅ ሳይለዩ አስተምረው ለወግ አብቅተውታል። ቤታቸው ያለው አንድ የጠፍር አልጋ ነው። እንግዳ ሲመጣ አልጋው የእንግዳ ነው፤ ባለቤቶቹ መሬት ላይ ቁርበት አንጥፈው ያድራሉ። በዚያ አገር ይህ የሚያከራክር ጉዳይ አይደለም። ቶሌሳና ፌኔት በሄዱ ቁጥርም ያው ነበር። ባለፈው ዓመት ግን ቶሌሳ አልጋው ላይ ሆኖ ሽማግሌው ወለሉ ላይ ሲገላበጡና ድምፃቸውን አፍነው ሲያቃስቱ ሰማ። ወገባቸውን ያማቸዋል። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም።

"አሁን የራሳችንን አልጋ ይዘን እንሄዳለን፤ እሳቸውም በአልጋቸው ይተኛሉ" አላት ፌኔትን።

"ጥሩ። ግን ምክንያቱን አስቀድመህ ንገራቸው።"

"ምን ብዬ? ሲያቃስቱ ሰማሁዎት ልበላቸው? አንድ ሽማግሌ እንዲህ ይባላል?"

"አትፈር፣ ንገራቸው።"

"ይገባቸዋል" አለ ቶሌሳ።

በኅዳር፣ ቡናው በሚለቀምበት ሰሞን ሄዱ። ፒክአፗ ታጥባ፣ መስኮቷ ላይ ፌኔት የሰፋችው አበባማ መጋረጃ ተሰቅሎ፣ ግቢው ውስጥ ስትቆም መንደሩ ግልብጥ ብሎ መጣ። ቶሌሳም አላፈረም። መዝጊያውን ሲዘረጋ፣ ሲያጥፍ፣ ጀሪካኑን ሲያሳይ ዋለ። ኋላ ላይ ለራሱ ሲመሰክር፣ ግማሹ ለአጎቴ ወገብ ማዘን ነበር፣ ግማሹ ግን ጉራ ነበር ብሏል።

መሸት ሲል ኦቦ ጂሬኛ በራቸው ላይ ቆሙ። ቤቱ ተጠርጓል፤ አልጋው ላይ የታጠበ ጋቢ ተዘርግቷል።

"ሴኒ፣ ኢልማ ኪያ፣ ሴኒ። ግባ ልጄ፣ ግቡ እንጂ! ደክሟችኋል።"

ቶሌሳ ያኔ፣ ከቀኑ ሙሉ ጭብጨባ በኋላ፣ እየሳቀ እንዲህ አለ፦

"አይ አጎቴ፣ አይቸገሩ። እኛ ዘንድሮ ቤታችንን ይዘን ነው የመጣን።"

ሰው ሳቀ። ጎረቤታቸው ሙሜ፣ ነገር ካልቆሰቆሰ የማያድር ሰው ነውና፣ ጮክ ብሎ "ጂሬኛ፣ አልጋህ ትኋን ገባው እንዴ?" አለ። ይባስ ተሳቀ። ኦቦ ጂሬኛ አብረው ፈገግ አሉ። ከዚያ ወደ ውስጥ ገቡ።

በማግስቱ መረቁ፤ ቡና በጆንያ አስጫኑ፤ የጎደለ ነገር አልነበረም። ዘወትር እስከ ወንዙ ድረስ እያወሩ የሚሸኙት ሰውዬ ግን ያን ቀን ከበራቸው ፈቀቅ አላሉም። ቶሌሳ ወገባቸው ነው ብሎ አለፈው። ፌኔት ወንዙን ሲሻገሩ "ወገባቸው አይደለም" አለች።

መመለስና መናገር ይችል ነበር። ግማሽ ሰዓት እንኳ አልራቀም። የሚቀጥለው ጊዜ እነግራቸዋለሁ አለ። የሚቀጥለው ጊዜ ፒክአፗ ክላች አስቸገረች፤ ከዚያ ዝናብ ገባ፤ ከዚያ ስልክ ተደወለ። ደዋይዋ የአጎቱ ሚስት አዴ ከበደች ነበሩ።

"አጎትህ ሆዱን ከያዘው አራት ቀኑ ነው። ሽንትም ከለከለው። ናልን።"

ቶሌሳ በዚያው ሰዓት ተነሣ። እግዜር ይስጥሽ አላት ፒክአፗን፤ ታማሚ ተንጋሎ የሚሄድባት መኪና በአካባቢው ሌላ አልነበረችም። አንሶላውን አስቀየረ፣ ትራስ ደረበ። መቻራ ሲደርስ ሽማግሌው ከስተዋል፤ ዓይናቸው ብቻ ቀርቷል። ሰዎች ደግፈው ወደ ኋላ ሊያስገቧቸው ሲሉ በእጃቸው ከለከሉ።

"ጋቢና ይበቃኛል።"

"አጎቴ፣ መንገዱ መጥፎ ነው። ከኋላ ይጋደሙ። ፍራሹ ለስላሳ ነው።"

"እሱ ያንተ ቤት ነው፣ ኢልማ ኪያ። እኔ ቤቴን ትቼ ነው የምሄደው።"

ቁጣ የለበትም አነጋገራቸው። ቶሌሳ ቢቆጡት ይሻለው ነበር።

ከመቻራ ጭሮ ያለውን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ድንጋዩ፣ ጉድጓዱ፣ ጠመዝማዛው። ኦቦ ጂሬኛ ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ የበሩን እጀታ ጨብጠው፣ መኪናዋ በነጠረች ቁጥር ጥርሳቸውን እየነከሱ ሄዱ። አላቃሰቱም። አንድም ጊዜ አላቃሰቱም። ከኋላቸው ባዶው አልጋ ከነአበባማ መጋረጃው ይንገጫገጫል። ቶሌሳ ገለምሶ ላይ ሊናገር አፉን ከፈተና "ውኃ ልግዛልዎት?" አለ። በደሳ ላይ ሊናገር ፈለገና "ትንሽ ነው የቀረን" አለ። ሲያቃስቱ ሰምቻለሁ ብሎ መናገር፣ አሁን ላለማቃሰት ለሚታገል ሰው፣ እንዴት ይቻላል? ሲድኑ እነግራቸዋለሁ አለ። ሲሻላቸው፣ ተቀምጠን ስንስቅ።

አልተሻላቸውም። ሆስፒታል በገቡ በሦስተኛው ቀን አረፉ። በመጨረሻው ጠዋት የቶሌሳን እጅ ይዘው "መንገዱን በደንብ ነዳህ" ብለውታል። ቶሌሳ ይህችን ቃል ዛሬም ሲያስታውስ ይቅርታ ትሁን ስንብት አልለየለትም።

አስከሬኑ ወደ መቻራ የተመለሰው በዚያችው ፒክአፕ ነው። አልጋውን አብዱልቃዲር እያለቀሰ ፈታው፤ ሬሳ ሳጥኑ አልገባ ብሎ።

ከቀብሩ በኋላ፣ ለቀስተኛው ሲሳሳ፣ አዴ ከበደች ቶሌሳን ክንዱን ይዘው ወደ ቤት ወሰዱት። ከሰዓት ነበር።

"ሦስት ቀን አልተኛህም። ትንሽ ጋደም በል።"

ቶሌሳ ዝቅ ብሎ ገባ። ከአልጋው ሥር አንድ ትልቅ ነገር በጆንያ ተሸፍኖ ተቀምጧል። አዴ ከበደች ጆንያውን ገለጡት። ስፖንጅ ፍራሽ ነው፤ የፋብሪካው ላስቲክ እንኳ አልተነሣለትም።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"የአጎትህ ነው። ያን ጊዜ የመኪና አልጋ ይዛችሁ ከመምጣታችሁ በፊት፣ ከገለምሶ በአህያ አስጭኖ አመጣው። 'ባለፈው ሲያመኝ ልጁ ሰምቶኛል፤ እንቅልፍ አጥቶ ነው ያደረው። አሁን መሬቱ ላይ ይሄን አንጥፌ እተኛለሁ፤ እሱም አልጋው ላይ በሰላም ይተኛል' አለኝ። ሊያሳይህ ቸኩሎ ነበር።"

ቶሌሳ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

"እኔም እኮ፣ አዴ፣ መኪናዋን የሠራሁት በዚያ ሌሊት ምክንያት ነው። እንዳያቃስቱ ብዬ።"

አዴ ከበደች ቀና ብለው አዩት።

"ታዲያ ለምን አልነገርከውም?"

ቶሌሳ የፍራሹን ላስቲክ በእጁ ዳሰሰ።

"ከዚያ በኋላስ እሳቸው ለምን አልተኙበትም?" አለ።

"እኔም ጠይቄው ነበር። 'እንግዳ ባልመጣበት ቤት፣ ማን መሬት ይተኛል?' አለኝ። አስቀመጠው።"

አዴ ከበደች አልጋውን አራገፉና ውጣበት አሉት። ቶሌሳ እምቢ አለ። እሳቸው አልጋው ላይ እንዲያርፉ ለመናቸው፤ ደክመው ስለነበር እሺ አሉ። እሱ ፍራሹን ወለሉ ላይ ዘረጋ፤ ላስቲኩን ቀዶ አወለቀ፤ ጫማውን ፈትቶ ተጋደመ። እግሩ እስከ በሩ ደረሰ። ወገቡን ምንም አላመመውም።