«ደካማ» የሚለው ቃል

ጀማነህ ሊንደን የሚባለው ሰፈር ያለውን ቤቱን ሲገዛው መስኮቶቹ በጣውላ ታሽገው ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከመጋዘን ሥራው በተረፈው ሰዓት በገዛ እጁ ወለሉን አነጠፈ፣ ጣራውን ቀየረ፤ የመታጠቢያ ቤቱን ሴራሚክ ሦስት ጊዜ ለጥፎ ሁለት ጊዜ ነቀለው። በሦስተኛው ባለቤቱ ህብረት «በቃ፣ ቀጥ ብሏል» ብላ ስለማለችለት ተወው።

የቤት ታክስ የሚሰበስበው የአካባቢው መስተዳድር፣ ካውንቲው፣ አዲስ የቤት ግምት ያወጣ ጊዜ የሰው ሁሉ ቤት ዋጋ ሽቅብ ወጣ። ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ ወሬው ሁሉ ታክስ ሆነ። የጀማነህ ብቻ እምብዛም አልጨመረም። እኩዮቹ ትከሻውን ቸብ እያደረጉ «ታድለህ!» አሉት። ለምእመናኑ ቅጽ የሚሞላው ወጣቱ ሰይፈሥላሴ ግን ነገሩ ገረመውና በስልኩ የካውንቲውን ዌብሳይት ከፈተ።

«ምክንያቱ ይኸው» አለ። «የቤቱ ሁኔታ፦ ደካማ ይላል። እርስዎ ከገዙት ወዲህ ማንም ገብቶ አላየውም ማለት ነው። ዝም ይበሉ ጋሼ ጀማነህ፤ እንዲህ ያለ ስህተት በስለትም አይገኝ።»

ጀማነህ ስልኩን ተቀብሎ ቃሉን ራሱ አነበበው። ራት ላይ «ደካማ» አለ።

«ምኑ?» አለች ህብረት።

«ቤታችን።»

በማግስቱ ከሥራ ፈቃድ ወስዶ የካውንቲው ቅሬታ መቀበያ መስኮት ላይ ቆመ። ሠራተኛዋ «ስንት ይቀነስልኝ ነው የሚሉት?» አለችው።

«አይቀነስ። ይጨመር።»

ሴትዮዋ እንግሊዝኛው ያልገባው መስሏት ቀስ ብላ ደገመችለት። እሱም ቀስ ብሎ ደገመላት።

ህብረት ስትሰማ ማማሰያዋን አስቀመጠች። «አንተ ሰውዬ፣ ጤና ነህ? ታክስ ጨምሩልኝ ብሎ አፒል የሚያደርግ ማን አለ?»

«ታክሱን አይደለም፤ ቃሉን ነው።»

«ቃሉን ማን አየው?»

«ሰይፈሥላሴ አይቶታል።»

ቀጠሮው ሲደርስ ሁለቱም ቅሬታ ሰሚው ኮሚቴ ፊት ቀረቡ። ከረጅም ጠረጴዛ ጀርባ ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። ጀማነህ የቤቱን አርባ ሁለት ፎቶ በተራ ደረደረ።

«ሊሸጡት ነው?» አለ ሰብሳቢው።

«አልሸጠውም።»

«ብድር ሊወስዱበት?»

«አልወስድም።»

«ክፍያዎ እንደሚጨምር ገብቶዎታል?»

«ገብቶኛል።»

ሰብሳቢው ብዕሩን አስቀመጠ። «ታዲያ ምን ፈልገው ነው?»

«ስገዛው ደካማ ነበር» አለ ጀማነህ። «አሁን አይደለም። ሌላ ነገር የለኝም።»

ቤቱ በሁለቱም ስም ስለሆነ ሰብሳቢው ወደ ህብረት ዞረ። እሷም ትስማማ እንደሆነ ጠየቃት። ህብረት ዋይትሆል ሰፈር ካለው ሱቋ ለዚሁ ስትል ቀርታ ነበር የመጣችው።

«አልስማማም» አለች። ጀማነህ አቀረቀረ። «በገንዘቡ አልስማማም። ቤቱ ግን ደካማ አይደለም። የመታጠቢያ ቤቱን ሴራሚክ ብታዩት…» ብላ ጀመረችና ስለ ሴራሚኩ፣ ስለ ወለሉ፣ ብርድ ስለማያስገቡት መስኮቶች አምስት ደቂቃ ሙሉ አወራች። ሰብሳቢው ሰዓቱን አየ እንጂ አላቋረጣትም። ጀማነህ ይህን ሁሉ ከአፏ ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር። ፎቶዎቹን ያለምክንያት እንደገና ማስተካከል ያዘ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አንዲት የካውንቲው ገማች ቤቱን ለማየት መጣች። ውሃ እንኳ አልቀበልም ብላ ከምድር ቤት እስከ ጣራ ሥር አየች፤ ጓሮውን ዞረች፤ ታብሌቷ ላይ ጽፋ ሄደች። ደብዳቤውም ደረሰ፤ ግምቱ ጨምሯል፣ ሁኔታው «መካከለኛ» ተብሏል።

«መካከለኛ?» አለ ጀማነህ። ደብዳቤውን ገልብጦ ጀርባውን ሁሉ አየ። ከታች በትንሽ ፊደል «በጓሮ በኩል አሸንዳው ከቦታው ለቋል» ይላል።

ህብረት መነጽሯን አድርጋ አነበበችው። «እውነቷን ነው» አለች። አራት ዓመት ሙሉ ስትነግረው መኖሯን አላነሳችም።

ቅዳሜ ጠዋት ጀማነህ መሰላሉን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ወጣ። ህብረት ከሥር ያዘችለት።

«ይኼ ሲያልቅ እንደገና ልታመለክት ነው?» አለችው ቀና ብላ።

«ሕጉ በሦስት ዓመት አንዴ ነው የሚፈቅደው።»

«ተመስገን» አለች ህብረት።