ቴፑ ከንፈር የለውም

የወንድሜ ልጅ የአባቷ ፀጉር ቤት መዝናኛ ነበረች። የእንግሊዝኛ መምህሯ ዓርብ ዓርብ ቴፕ ያሰማና የሰሙትን ያስጽፋቸዋል። ወንድሜ ደግሞ እሷ የጻፈችውን ለደንበኞቹ ያስነብባታል። «እናቴ ኪችን ውስጥ ናት» የተባለውን «እናቴ ቺክን ውስጥ ናት» ብላ አረፈችው። እናትየዋ ዶሮ ሆድ ገባች! ሌላ ቀን ደግሞ ቴፑ «አባቴ ሱፕ ይጠጣል» ሲል «ሶፕ» ብላ ጻፈች፤ አባትየው ሾርባው ቀርቶ ሳሙና በማንኪያ ጠጣ። ፊቱን አረፋ የተቀባ ሰውዬ ምላጭ ጉሮሮው ላይ እያለ በሳቅ ፈረሰ። ልጅቷም አብራ ሳቀች።

መምህሩም ያው ነው፤ ያሳቀውን መልስ ለክፍሉ ጮክ ብሎ ያነባል። «እኔ ፊቷ ቆሜ ስናገር አንድ አትስትም፤ ቴፕ ስከፍት ነው ቀልዷ የሚመጣባት» አለው ለወንድሜ። ወንድሜ እንደ ምስጋና ቆጠረው። እኔን ነገሩ ከነከነኝና «የልጅቷን ጆሮ ለሐኪም አሳይ» ስለው፣ «ተይ እትዬ፣ ሟርት አታብዢ» አለኝ።

አንድ ጠዋት የተሰነጠቀው ትልቁ መስታወት ሊቀየር ተነቀለ። ልጅቷ ባዶው ግድግዳ ፊት ተቀምጣ አባቷ ከኋላዋ ማጅራቷን ያስተካክላል።

«አንገትሽን ዝቅ አድርጊ።»

ዝም።

«አንቺ! አኩርፈሽ ነው?»

አሁንም ዝም። በማበጠሪያው ማጅራቷን መታ አደረጋት። ደንግጣ ዞረች፤ ዓይኑን ሳይሆን አፉን አፉን እያየች «ምን አልከኝ አባዬ?» አለች።

ያኔ ገባኝ። ለካ እስከዛሬ እዚያ ወንበር ላይ የምትመልስለት መስታወቱ ውስጥ አፉን እያየች ነው! «ቴፑ ከንፈር የለውማ!» ብዬ ጮህኩበት። ወንድሜ ሽርጡን እንኳ ሳይፈታ ሐኪም ቤት ወሰድናት።

ሐኪሙ ጆሮዋን በመብራት አየ። «መግል ሲወጣት አላያችሁም?»

«ትራሷ ላይ እድፍ አይ ነበር» አለ ወንድሜ፤ «ላብ መስሎኝ…»

«ያኔ ብታመጧት በመድኃኒት ይድን ነበር። የግራው አሁን አይሰማም። የቀኙን ለማትረፍ እንሞክራለን።»

ወንድሜ መምህሩን ይራገም ጀመር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ዝም በል አልኩት።

ሐኪሙ «የምልሽን ድገሚልኝ» አላትና አፉን በወረቀት ሸፍኖ አንድ ቃል ተናገረ። ልጅቷ ወረቀቱን አየች፤ እኛን አየች። ሁላችንም መልሷን እንደምንጠብቅ ሲገባት ፀጉር ቤት እንደለመደችው ቀድማ ከት ብላ ሳቀች። ማንም አልተከተላትም።

ሳቋን ቀስ በቀስ ተወችና ወደ አባቷ ዞረች።

«አባዬ፣ ዛሬ ለምን አልሳቅክም?»

አንድ ነገር መለሰላት። አንገቱን ደፍቶ ስለነበር ግን አፉን አላየችውም።